ለአንድ እጅ የሚሆን ካርታ

ሐምሌ 4 ቀን 2017፣ አሰላ

ሙንተሲር ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ ሄደ። ከእንግዲህ አክስታችን ቤት ነው የሚቀመጠው። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለበት፤ ከአሰላ እየተመላለሰ አይችለውም። እማ በሶና ቅቤ ቋጠረችለት። ሐኪሙ የከለከለውን እየመረጠች ነው የቋጠረችው። እሱም ተቀበላት። መናኸሪያ ስንደርስ ቋጠሮውን መለሰልኝና «ብዪው፣ ወፍረሽ ጠብቂኝ» አለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጥያቄ እንኳን አይደለም፣ ትእዛዝ ነው፤ ታናሼ ሆኖ ሲያዘኝ ነው የኖረው። ማሽኑ ላይ አራት አራት ሰዓት ይተኛል። ግራ ክንዱ መርፌ ስላለበት አይንቀሳቀስም። «ብቻዬን፣ በአንድ እጄ ተጫውቼ ስድስቱንም ዘመቻ የማሸንፍበት አንድ ጥቅል ካርታ ሥሪልኝ» አለ። «ስድስቱንም ሳያሸንፍ እንዳትልኪው።»

እሺ አልኩ። ሌላ ነገር ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ስለነበር እሺታዬ በጣም ፈጥኖ ወጣ።

ሐምሌ 5

ይህን ደብተር ሌላ ሰው የሚያነበው ከሆነ (እማ፣ አንቺ ከሆንሽ አሁኑኑ ዝጊው) ጨዋታውን ላስረዳ።

ሙንተሲር ከኢንተርኔት ነው ያወረደው። ካርዶቹን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ በመቀስ ቆረጣቸው፣ ፕላስቲክ አለበሳቸው። እንደ ኮንከር እርስ በርስ መጋጠም የለም። ሁለት ሰው አንድ ወገን ሆኖ ከጨዋታው ጋር ይዋጋል። ጨዋታው ዘንዶ ይልካል፣ ሸረሪት ይልካል፣ ድልድይ ይሰብራል፤ እኛ እንመክታለን። ስድስት ዘመቻ አለው። እኔና እሱ በሁለት ዓመት አምስቱን ተጫውተናል፤ ስድስተኛው ላይ አልደረስንም። እያንዳንዳችን አርባ አርባ ካርድ አለን። የሱ ተዋጊዎች ናቸው፣ የኔ ጠንቋዮችና ቁስል የሚያክሙ አሮጊቶች።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። በእጅህ የያዝከውን ካርድ ለጓደኛህ መናገር ክልክል ነው። እማ ይህን የሰማች ቀን «ታዲያ ምኑን ተባበራችሁት?» አለች።

አሁን እንግዲህ ከሰማንያው አርባውን መርጬ አንድ ሰው የሚጫወትበት ላደርገው ነው። አርባውን መጣል አለብኝ ማለት ነው። ዛሬ ከራሴ ሃያ ጣልኩ። ከሱ አንድም አልጣልኩም።

ሐምሌ 9

የሸረሪቷ ደን፦ ሦስት ጊዜ ተሸነፍኩ፣ አንድ ጊዜ አሸነፍኩ።
የተሰበረው ድልድይ፦ አራት ጊዜ ተሸነፍኩ።
በረዶ ጣለ። የጓሮው ድንች ቅጠሉ አልቋል።

ሐምሌ 13

ስፈትን የቆየሁት ለካ በሁለት እጄ ነው! እሱ አንድ እጅ ነው ያለው። መበወዝ እንኳን አይችልም። የመዘገብኩት ሽንፈት ሁሉ ዋጋ የለውም፣ ድሉም እንደዚሁ። እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ግራ እጄን በሻርፕ ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ በትኜ ማደባለቅ በአንድ እጅም ይቻላል። ችግሩ መያዙ ላይ ነው። ከአምስት ካርድ በላይ ሲሆን ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ ካርድ የሚያስይዙትን ጠንቋዮቼን በሙሉ አስወጣሁ። ጥሩ ጥሩዎቹ ነበሩ።

ታላቅ ወንድማችን ከዲሮ በር ከፍቶ ገባና እጄን አየው።

«ማን አሰረሽ?»

«እየፈተንኩ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ነገሩ ሲገባው ሳቁን አቆመ፣ ቆሞ ትንሽ አየኝና ወጣ። ነገ እሱም ለምርመራ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ሐምሌ 17

የከዲሮ አልሆነም። ደሙ ውስጥ ስኳር አለ አሉት። ለወንድሙ ኩላሊት ሊሰጥ ሄዶ የራሱን በሽታ ይዞ ተመለሰ። እማን ደግሞ ባለፈው ሰኔ በደም ግፊቷ ምክንያት መልሰዋታል። ኩላሊት የሚሰጠው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው፤ አባታችን በሕይወት የለም።

እራት ላይ ከዲሮ «እንግዲህ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እማ «ሻይ ይቀዳ» አለች። ሻይ ተቀዳ። ሁለቱም ብርጭቋቸውን ነበር የሚያዩት። ወደ እኔ ዓይኑን ያነሳ የለም።

እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከሦስት ላይ ሁለት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር አውቃለሁ።

የተሰበረው ድልድይ፦ አሸነፍኩ፣ በአንድ እጅ፣ ሁለቴ ተከታትሎ።

ሐምሌ 22

ሙንተሲር ደወለ። በቀን የተፈቀደለት ውሃ አንድ ብርጭቆ ተኩል ነው። በፊት እሱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጨርሰው። አጠገቡ የሚታጠቡ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የአቦምሳ ሰው፤ ሲያወሩት ሦስት ሰዓት ያልፋል፣ አራተኛው ግን አያልፍም ይላል።

«ካርታዬስ?»

«ሁለት ዘመቻ አልፏል። የዘንዶው ዋሻ ላይ ነኝ።»

«ሐቀኛ ሁኚ። መጥፎ ካርድ ሲወጣ መልሰሽ እንዳትበውዢ።»

«እንደ አንተ አላጭበረብርም።»

ሳቀ፤ ሳል ሆነበት። ስለ ምርመራው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሌላ ምን ማለት እንደነበረብኝ አሰብኩ። ብዙ ነገር ነበር።

ሐምሌ 27

ልብስ ላሰጣ ወጥቼ እማና ጎረቤታችን እትዬ በቀለች አጥር ለአጥር ሲያወሩ ሰማሁ። እማ ስሜቷ ሲነካ ወደ ኦሮምኛ ትሄዳለች፤ እትዬ በቀለች በአማርኛ ይመልሳሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ነው የተግባቡት።

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ዙቤዳ። ልጅቷን በግልጽ ጠይቂያት።»

እማ አልጠይቃትም አለች። ያላገባች፣ ያልወለደች ልጅ ናት፤ ጎንሽን ክፈቺ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? ከራሷ ከመጣ አላህ ይስጣት፣ ካልመጣም አልቀየማትም፤ ብጠይቃትና እምቢ ብትለኝ ግን ሁለቱንም ልጆቼን ነው የማጣው፣ አለች።

ሳፋውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ እንዲሰሙኝ አሳልኩ። ወዲያው ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ጀመሩ። እትዬ በቀለች «ነቢላዬ፣ ደህና ዋልሽ?» አሉኝ። «ደህና፣ እርስዎስ?» አልኩ። ልብሱን አሰጣሁ። ደመናው የጭላሎን ተራራ ሸፍኖት ነበር፤ ልብስ የሚሰጣበት ቀን እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ለምን አይጠይቁኝም? ቢጠይቁኝ እኮ እምቢ አልልም። ሳይጠይቁኝ ተነስቼ ብሄድ ደግሞ ጥግ ቆሜ ስሰማቸው እንደነበር መናገር ይሆንብኛል። እማን ማሳፈር ነው። ትጠይቀኝ፣ እኔም እሺ እላለሁ፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

ነሐሴ 1

የዘንዶው ዋሻ፦ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸነፍኩ፣ አራት ጊዜ አሸነፍኩ። ከሱ ካርዶች ስድስቱን ዛሬ ጣልኩ። ጋሻ ጃግሬው ከነሱ አንዱ ነው። በጣም የሚወደው ካርድ ነው፣ ግን ለብቻ ሲሆን አይረባም፤ ሥራው ጓደኛውን መከላከል ነው። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ከዚያ አውጥቼ ሌላ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ነሐሴ 6

የሸረሪቷ ደን፦ ከአሥር ስምንት አሸነፈ።
የተሰበረው ድልድይ፦ ከአሥር ሰባት።
የዘንዶው ዋሻ፦ ከአሥር ስድስት።
የጅቦቹ ገበያ፦ ከአሥር ዘጠኝ (ቀላል ነው፣ ከዲሮም ያሸንፈዋል)።
የሰመጠው መንደር፦ ከአሥር ስድስት።
የጭጋጉ ንጉሥ፦ ከአሥር ዜሮ።

የስድስተኛውን ሕግ ሙንተሲር ከመሄዱ በፊት ነው ወደ አማርኛ ገልብጦ በደብተር ወረቀት የሰጠኝ። እንግሊዝኛው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፣ እሱ ዘንድ። ቤተ መንግሥቱ ሁለት በር አለው። አንዱን ሰብሬ ወደ ሌላው ስዞር የመጀመሪያው ተመልሶ ይዘጋል።

ነሐሴ 8

ዛሬ አልተጫወትኩም፤ አሰላሁ። አንዱ በር የሚፈልገውን ኃይል፣ በአንድ ተራ የሚወጣውን ካርድ፣ የተሻለውን ዕድል ሁሉ አሰላሁ። ቁጥሩ አይሞላም። የፈለገ ካርድ ቢደረደር አይሞላም።

ሳልሳሳት አልቀርም። ነገ ደግሜ እሞክራለሁ።

ነሐሴ 10

የጭጋጉ ንጉሥ፦ አምስት ጊዜ ተሸነፍኩ።

ነሐሴ 11

ስድስት ጊዜ።

ነሐሴ 13

መናኸሪያ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእማ ጠመኔ ልገዛ ነው አልኳት፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠመኔ ምን እንደሚያደርግልኝ አልጠየቀችኝም። የአዳማ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር። ረዳቱ «እህት፣ ነይ፣ አንድ ሰው ብቻ!» አለኝ። ዝናቡ መጣ። መንገዱ ላይ ውሃ ይሞላ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።

ሚኒባሱ ግን ሄደ። ስወጣ አየሁት፣ ያንን ዝናብ ሰንጥቆ ሄደ።

ነሐሴ 18

ደወልኩለት። ድምፁ ቀጥኗል።

«አምስቱን ያሸንፋል። በሰው ልላክልህ?»

«ስድስተኛውስ?»

«አልሆነም።»

«እንግዲያው ሞክሪ። ጊዜ አለሽ፣ ክረምት ነው።» ከዚያ «አዲስ አበባ እንዳትመጪ፣ እዚህ ብርድ ነው» አለኝ። የአሰላን ልጅ በአዲስ አበባ ብርድ ያስፈራራል።

ሽማግሌው አጠገቡ ካለው አልጋ አሁን የሉም። የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅኩም።

ነሐሴ 21

ከሰዓት በኋላ ነው። እማ ለቅሶ ሄዳለች፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እዚህ ደብተር ላይ እንኳን ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ፈርቻለሁ። ቢላው ያስፈራኛል። ተኝቼ አለመንቃት ያስፈራኛል። ነቅቼ ደግሞ የተሰፋ ጎን ይዤ መኖር፣ የሚያገባኝ ሰው ሲያየው ምን ይል ይሆን ማለት ያስፈራኛል። አንድ ኩላሊት ብቻ ይዤ ወልጄ፣ ያም ቢታመም? ይህን ሁሉ ለማሰብ ስድስት ሳምንት ነበረኝ፤ አንድም ቀን ተቀምጬ አላሰብኩበትም። የጭጋጉን ንጉሥ አርባ ሰባት ጊዜ ገጥሜዋለሁ። እንደማይሸነፍ ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ለምርመራው ደም መስጠት አምስት ደቂቃ ነው።

«ከጨረስኩ ይዤለት እሄዳለሁ፣ የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም» ስል ነበር። ማንን ነው የማታልለው?

ከዚህ በላይ አልጽፍም። እማ መጣች።

ነሐሴ 26

አክስቴ ደውላ ነበር፤ ያነሳው ከዲሮ ነው። ጓዳ ሆኜ «ትኩሳት» ሲል ሰማሁ። ስወጣ «ደህና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ» አለኝ። መዋሸት አያውቅበትም፤ ጆሮው ይቀላል።

ነገ እሄዳለሁ። ለእማ ነገርኳት። «ልጠይቀው» ነው ያልኳት፣ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። ጫማዬን ጠረገችልኝ። ልጅ ሆኜ ካልሆነ በቀር ጫማዬን ጠርጋልኝ አታውቅም።

ነሐሴ 27፣ አዲስ አበባ

ሰጠሁ። አምስት ደቂቃም አይሞላም። ውጤቱ ሁለት ሳምንት፣ ግፋ ቢል ሦስት ይፈጃል አሉኝ። ደም የምትቀዳው ልጅ ዕድሜዋ ከተማሪዎቼ አይበልጥም። «ለወንድምሽ ነው? ጀግና ነሽ» አለችኝ። እጅጌዬን አወረድኩ።

ሙንተሲር በጣም ከስቷል። ፊቱ ግን አብጧል። ሳየው ምን እንደተሰማኝ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፣ አልቻልኩም።

ነሐሴ 29

ዛሬ እጥበት ላይ አብሬው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ጥቅሉን ሰጠሁት። በአንድ እጁ ገልጦ አንድ በአንድ አየው። «ጋሻ ጃግሬዬን ጣልሽው?» አለ። «ለብቻ አይረባም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ትክክል ነሽ ማለቱ ነው።

«ስድስተኛው አልተቻለም፣ ሙንተሲር። ሃምሳ ሁለት ጊዜ።»

መሳቅ ጀመረ። ነርሷ ዞራ አየችን።

«አይቻልማ። ሁለት ሰው በሁለቱ በር በአንድ ጊዜ መግባት አለበት። ለብቻ የሚጫወት ሰው ስድስተኛውን አይነካም ይላል ሕጉ። ያንን መስመር ዘልዬ ነው የገለበጥኩልሽ።»

«ለምን?»

«አንቺን አውቅሻለሁ፤ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ ከቤት አትወጪም። ቤት ከሆንሽ አትመጪም፣ ካልመጣሽ ደግሞ ማንም ፊትሽ ቆሞ አይጠይቅሽም። ለእማም ለከዲሮም እሷን እንዳትጠይቋት ብዬ አስምያቸዋለሁ። እምቢ ማለት የማትችዪበት ቦታ ላይ እንዳትቆሚ ብዬ ነው።»

ተናደድኩ። እዚያው አልጋው አጠገብ እንደ ሕፃን ተናደድኩ። ማን ለእኔ ወስን አለህ፣ አልኩት። ሁለት ወር ሙሉ እጄን ከወንበር ጋር አስረህ አስቀመጥከኝ፣ አልኩት። እጄን ከወንበሩ ጋር ያሰርኩት እኔ ራሴ ነኝ። እንደማይቻልም ነሐሴ 8 ቀን አውቄ ነበር። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ እሱ ያታለለኝ መስሎት ደስ ብሎት ነበር።

ደም እንደሰጠሁም ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረ «መቼ ነው ውጤቱ?» አለኝ። በጣም ቀስ ብሎ ነው የጠየቀው። ለካ ፈልጎት ነበር። ሁልጊዜም ፈልጎት ነበር።

ጳጉሜን 4

ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል። በቀደም ትንሽ ሲሻለው የጭጋጉን ንጉሥ አብረን ጀመርን፣ እሱ በአንዱ በር፣ እኔ በሌላው። ሦስተኛው ተራ ላይ ካርዶቹን ደረቱ ላይ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። እጁ ላይ ምን እንደነበረ አላየሁም። ሕግ ነው።

ነገ ወደ አሰላ እመለሳለሁ፣ የተማሪዎች ምዝገባ ይጀመራል። «ሂጂ፣ ውጤቱ ሲመጣ ትመለሻለሽ» አለኝ።

መስከረም 7 ቀን 2018

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። አክስቴ አጠገቡ ነበረች።

የሙንተሲር ጀናዛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አሰላ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት በፊት ቀበሩት።

መስከረም 11

ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ከዲክሲስም ከሁሩታም ዘመድ መጣ። እትዬ በቀለች ሦስት ቀን ከቤታችን አልወጡም፤ ማዕድ ቤቱን እሳቸው ናቸው የያዙት። ሰው ሁሉ «አላህ የወሰነው ነው» ይላል፤ እኔም አሚን እላለሁ። ውስጤ ግን ይቆጥራል። ሐምሌ 17 ሄጄ ቢሆን፣ ውጤቱ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይደርስ ነበር። ያኔ ትኩሳት አልነበረበትም። ነሐሴ 13 እንኳን ያ ሚኒባስ ውስጥ ብገባ… ቁጥሩ ሁሉ ይሞላል።

ማታ ሰው ሲቀንስ እማ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ።

«ጠይቄሽ ቢሆን እሺ ትዪኝ ነበር?»

በሕይወቷ የጠየቀችኝ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። አዎ ማለት እችል ነበር፤ አዎ ብላት ግን ባለመጠየቋ ዕድሜ ልኳን ራሷን ትበላለች። እምቢ እል ነበር ብላት ደግሞ እኔን ምን ብላ ታየኛለች? ሁለቱም አልወጣልኝም።

«አላውቅም፣ እማ» አልኳት።

እውነቱም ይኸው ነው። እጄን አልለቀቀችም።

መስከረም 13

ዛሬ ማስተማር ጀመርኩ። ዘጠነኛ ሐ ክፍል ሆኜ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። ወደ ኮሪደር ወጣሁ።

«ነቢላ ነሽ? ደም የሰጠሽኝ፣ አስታወስሽኝ?» ያቺ ልጅ ናት። ውጤት መናገር የሷ ሥራ አልነበረም፤ ወረቀቱን ስታይ ራሷ ልትነግረኝ ፈልጋ ነው የደወለችው። ድምጿ ይስቃል። «ይስማማል! በጣም ጥሩ ነው ብለዋል ዶክተሩ፣ እንዲህ የሚገጥም ብዙም አያገኙም። ወንድምሽ ምን ያህል ደስ ይለው! ንገሪው እሺ?»

በመስኮቱ ልጆቹ ይታዩኛል፣ የሰጠኋቸውን ጥያቄ እየሠሩ ነው። ደስታዋን ላበላሽባት አልቻልኩም።

«እሺ» አልኳት። «እነግረዋለሁ።»